የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎችን በገደለው በቻርልስ ማንሰን ቡድን ጉዳይ ላይ ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝና አንድ ላይ አደረግኋቸው። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፤ ምን ላድርግ፣ ጥያቄው ራሱ ከባድ ነው። ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። 15 ዓመት የሆናት ልጄ ስለ ቻርልስ ማንሰን ቡድን ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ከትምህርት ቤት ታዛ መጣች፤ እኔም አብሬያት ዶክመንተሪ ሳይ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውዬው ብዙም አልገረመኝም፤ ክፉ ሰው የትም አለ። የገረሙኝ ልጆቹ ናቸው። አንዷ በ14 ዓመቷ ነው የገባችው። ደህና ቤት ያደገች ልጅ እንዴት ሰው ትገድላለች? ወላጆቿስ የት ነበሩ? እውነቱን ልንገርዎት፣ የኔም ልጅ ሰሞኑን በሯን ዘግታ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በስልክ ታመሻለች። ስጠይቃት "አንቺ አይገባሽም" ትለኛለች። ስልኩን ልቀማት ወይስ ዝም ልበል?

እናት፣ ከሎስ አንጀለስ

መልስ

እህቴ፣ ስለ ማንሰን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዓይኑና ግንባሩ ላይ የቀረጸው ምልክት ነው። እርስዎ ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ ደግ አደረጉ። እኔም ከነሱ ልጀምር።

የ14 ዓመቷ ልጅ ዳያን ሌክ ትባላለች። ወላጆቿ ጨካኞች አልነበሩም። በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙዎች እንዳደረጉት ሥራና ቤታቸውን ትተው ሂፒ ሆኑ። ድሮ ዳቦ ይመላለስበት የነበረ መኪና ውስጥ መኖር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሰዎች ተሰባስበው በጋራ ከሚኖሩበት ቦታ ገቡ። ልጅቷ ለብቻዋ መኖር ስትፈልግ እሺ አሏት፤ እንዲያውም መፍቀዳቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጽፈው ሰጧት። አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው! በዚያው ዓመት ማብቂያ አካባቢ ቶፓንጋ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ካለ አንድ ቤት ሄደች። እዚያ ከማንሰንና አብረውት ከሚዞሩት ወጣት ሴቶች ጋር ተገናኘች። ሴቶቹ አቅፈው ተቀበሏት። ሰውዬው ጊታር ይጫወታል፣ ይቀልዳል፣ ስታወራ ዓይን ዓይኗን እያየ ያዳምጣታል። ማንም ትልቅ ሰው እንደዚያ አዳምጧት አያውቅም። ዕድሜው ከሠላሳ በላይ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮም ሰውነቷን መጠቀሚያ አደረጋት። ይህ ያኔም ሆነ ዛሬ በሕግ ወንጀል ነው። እሷ ግን እንደ ፍቅር ነበር የቆጠረችው።

ልብ ይበሉ፣ በዚያ ቤት ስለ ግድያ ያወራ ሰው አልነበረም። ቢወራማ ልጅቷ በመጣችበት እግሯ ትመለስ ነበር።

ሰውዬው ማን ነበር? በ1934 ከአሥራዎቹ ዕድሜ ካልወጣች እናት ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ በማረሚያ ቤቶች ሲመላለስ አደገ። መጋቢት 1967 ከእስር ሲፈታ 32 ዓመቱ ነበር፤ ከዕድሜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያሳለፈው ታስሮ ነው። "አትፍቱኝ፣ እዚሁ ልቅር" ብሎ ለምኖ እንደነበርም ይታወቃል። እስር ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ተምሯል። አንዱ ጊታር ነው። ሌላው ሰውን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ነው፤ ይህንንም ሰውን በንግግር መማረክ ከሚያስተምር ኮርስ ወስዷል፣ በሴት ገላ ከሚነግዱ እስረኞችም ወስዷል። ሲወጣ በቀጥታ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። በዚያ በጋ ከየቦታው ከቤት የወጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ሄይት አሽበሪ የሚባለውን ሠፈር አጥለቅልቀውት ነበር። ማደሪያ የሌለው፣ የራበው፣ ከአባቱ የተጣላ ልጅ መንገድ ላይ ሞልቷል። ሊነት ፍሮምን ያገኛት ቬኒስ የባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ከአባቷ ተጣልታ ከቤት በወጣችበት ጊዜ። 18 ዓመቷ ነበር። ይህችው ልጅ በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ላይ ሽጉጥ ደግና ተይዛለች።

አሁን "ደህና ቤት ያደገች" ወዳሏት ልምጣ፤ ሌስሊ ቫን ሁተንን ማለትዎ ይመስለኛል። ሞንሮቪያ በምትባል ከእርስዎ ብዙም በማትርቅ ከተማ ተማረች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ በትምህርት ቤቷ በዓል ላይ ልዕልት ሆና የተመረጠች ልጅ ነበረች። 14 ዓመቷ ላይ ወላጆቿ ተፋቱ። ብዙም ሳይቆይ ሐሺሽና ኤል ኤስ ዲ የሚባለውን አእምሮ የሚያቃውስ ዕፅ ጀመረች። 17 ሲሆናት አረገዘች፤ እናቷ እንድታስወርድ አደረገቻት፤ በዚህም በእናትና በልጅ መካከል ትልቅ ቂም ገባ። በ1968 በጋ ወደ ማንሰን ቡድን ስትቀላቀል ወደ እናቷ ደውላ ከእንግዲህ እንደማትገናኛት ነገረቻት። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። ፍቺ በየቤቱ አለ፤ የተፋቱ ሰዎች ልጆች ሁሉ ገዳይ አይሆኑም። ግን ልጅቷ የምትታመምበትን ቦታ ሰውዬው ገና ሲያያት ነው ያገኘው። በዚህ ረገድ ችሎታ ነበረው፣ አልክድም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ በቀስ የሆነ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ድሮ የካውቦይ ፊልም ይቀረጽበት የነበረ ስፓን ራንች የሚባል አሮጌ እርባታ ቦታ ሠፈሩ። ባለቤቱ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሴቶቹ ይንከባከቧቸዋል፣ በምላሹ ሁሉም በነጻ ይኖራሉ። ምግባቸውን ከሱፐርማርኬት ጓሮ ከተጣለው ይለቅማሉ። ይዘፍናሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ከሌሎቹ ሂፒዎች የሚለዩበት ነገር የለም። ውስጥ ግን ሰዓትና ካላንደር ተከልክሏል፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋዜጣ የለም። ሴቶቹ ገንዘብ አይዙም። ልጅ የወለደች ልጇን አታሳድግም፤ ሌሎች ይይዙላታል። ለያንዳንዷ አዲስ ስም ይወጣላታል፣ ዳያን "እባብ" ተብላ ነበር። ኤል ኤስ ዲ በየጊዜው በጋራ ይወሰዳል፤ እሱ ራሱ ከሌሎቹ ያነሰ ይወስድና ሌሎቹ ሲደነዝዙ ያስተምራል። ትምህርቱም አንድ ነው፤ "አንተነትህን ግደል፣ ወላጆችህ የጫኑብህን ሁሉ ጣል፣ ትክክልና ስህተት የሚባል ነገር የለም"።

በ1968 መጨረሻ ቢትልስ የሚባሉት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች አዲስ አልበም አወጡ። ማንሰን "ለኔ የተላከ መልእክት አለበት" አለ። እንደ እሱ ትንቢት ጥቁሮችና ነጮች ይፋጃሉ፣ እሱና ተከታዮቹ በረሃ ውስጥ ካለ ጥልቅ ጉድጓድ ተደብቀው ይቆያሉ፣ መጨረሻ ላይ ወጥተው ዓለምን ይገዛሉ። አዎ፣ ሲነገር ያስቃል። ግን ከዓመት በላይ ጋዜጣ ያላየ፣ በዕፅ የደነዘዘ፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ሲሰማው አያስቅም።

ከዚያ ልምምድ መጣ። ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል። ጥቁር ልብስ ለብሰው በሌሊት ሰዎች ወደተኙበት ቤት እየሾለኩ እንዲገቡ ተደረጉ። ዕቃ ቦታ ቀያይረው፣ ማንንም ሳይነኩ ይወጣሉ፤ ባለቤቶቹ ጠዋት ሲነሱ ወንበሩ ዞሮ ያገኙታል። እንደ ጨዋታ ነበር የሚያዩት። ነገር ግን ያ ልጅ ከዚያ ሌሊት በኋላ የሰው መኝታ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ መተንፈስ ለምዷል። የቀረው ቢላዋ ብቻ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ስንል ለመልካም ነገር ነው የምንተርተው፤ ክፉውም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

በሐምሌ 1969 ጋሪ ሂንማን የሚባል የሚያውቁትን ሙዚቀኛ ገደሉ። በነሐሴ 8 ሌሊት አራት ሰዎች ተልከው ሲዬሎ ድራይቭ ላይ ባለ ቤት አምስት ሰው ገደሉ፤ አንዷ ተዋናይት ሻሮን ቴት ነበረች፣ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቷት። በማግሥቱ ሌሊት ደግሞ ላቢያንካ የሚባሉ ባልና ሚስት ተገደሉ። ሌስሊ ያለችበት በዚህ በሁለተኛው ነው። 20 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ከገባች ገና አንድ ዓመት ገደማ ነው።

ዳያን ሁለቱም ሌሊት አልነበረችም። ስለዚህ ነው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ቶሎ በጠባይ ማስረዳት የማልወደው። አንዷ ተመረጠች፣ ሌላዋ ቀረች። ማን ያውቃል፣ ማንሰን በሁለተኛው ሌሊት ሌላ ስም ቢጠራ ኖሮ?

"ለምን ትተው አልሄዱም?" የሚለው ጥያቄ በደብዳቤዎ ባይኖርም ውስጥ ውስጡን አለ። ዳያንን በጥፊ ይላት ነበር፣ በእግሩ ረግጧታል፣ በወንበር እግር ራሷን መቷታል፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ገርፏታል። አልሄደችም። ወዴት ትሂድ? ቤት የላትም። ወላጆቿ የሰጧት ወረቀት ራሱ ከቤት ለመውጫ እንጂ ለመመለሻ የሚሆን አልነበረም። ሌላው ደግሞ የሚመታት ሰው በማግሥቱ ሲስቅላት የሚሰማት እፎይታ ከምንም በላይ ይጣፍጣል፤ ይህን ከክፉ ባል ጋር የኖረች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

የወጡ ግን አሉ፤ እንዴት እንደወጡ ማየት ለእርስዎ የሚጠቅም ይመስለኛል። ፖል ዋትኪንስ የሚባል የማንሰን ቀኝ እጅ የነበረ ወጣት ነበር። ዴዝ ቫሊ በረሃ ውስጥ ፖል ክሮኬት ከሚባል ማዕድን ፈላጊ ጎልማሳ ጋር ተገናኘ። ሰውዬው ማንሰንን አልፈራውም። ልጁንም አልሰደበውም። አብሮት ሠራ፣ በልቶ አበላው፣ ቁጭ ብሎ ብዙ አወራው። ልጁ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ ብሩክስ ፖስተን የሚባል ጓደኛውም እንዲሁ። የፍርድ ቤቱ ዋና ምስክር የነበረችው ሊንዳ ካሳቢያን ከግድያው ጥቂት ቀን በኋላ ጠፍታ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደች። ኪቲ ሉተሲንገርና ስቴፋኒ ሽራም የሚባሉ ሁለት የ17 ዓመት ልጆች ደግሞ ጥቅምት 1969 በረሃውን አቋርጠው ፖሊስ ዘንድ ደረሱ።

ዳያን በዚያው ጥቅምት ባርከር ራንች ከሚባለው የበረሃ መደበቂያ ከሌሎቹ ጋር ተያዘች። የሐሰት ስም ሰጠች፣ ዕድሜዬ 21 ነው አለች። 16 ዓመቷ መሆኑ ሲታወቅ ወደ አእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተላከች። ከዚያ ምን ሆነ መሰለዎት? ሲያዙ ከነበሩት የኢንዮ ካውንቲ መርማሪዎች አንዱ ጃክ ጋርዲነር ከሚስቱ ጋር ሆኖ ቤቱ ወስዶ አሳደጋት። ትምህርት ቤት ተመለሰች። ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። ኋላም አግብታ ወለደች፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች መምህርት ሆነች፤ ያለፈ ሕይወቷን ለብዙ ዓመታት ደብቃ ኖራ በ2017 በአደባባይ ተናገረች።

ወላጆቹ የት ነበሩ ላሉት፤ የዳያን ወላጆች ራሳቸውን ፍለጋ ላይ ነበሩ፣ ልጅቷን ረሷት። የሌስሊ እናት ቤት ነበረች፤ ልጇ ናት አልሰማ ያለቻት። ሁለቱም ዓይነት ወላጅ አለ። የሌስሊ ወላጆች ግን ከታሰረች በኋላ አልተዉዋትም፤ ለዓመታት እየሄዱ ጠይቀዋታል።

አሁን ወደ ልጅዎ። ማታ በሯን ዘግታ በስልክ የምታወራ የ15 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምታወራው ስለ ወንድ ልጅ ወይም ስለ ፀጉሯ ነው። አይደንግጡ። ቢሆንም ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ዛሬ እንደ ማንሰን ያለ ሰው ልጅ ለማጥመድ ከቤቱ መውጣት እንኳ አያስፈልገውም። 764 የሚባል የኦንላይን ቡድን አለ፤ በ2021 የመሠረተው ቴክሳስ ውስጥ እናቱ ቤት ይኖር የነበረ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ በ2023 የ80 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የዚህ ዓይነት ቡድኖች በጨዋታና በቻት መድረኮች ላይ ብቸኛ፣ የተከፋ ልጅ ይፈልጋሉ፣ በፍቅር ይቀርባሉ፣ ፎቶ ይቀበላሉ፣ ከዚያ በዚያው ፎቶ እያስፈራሩ ልጁ ራሱን እንዲቆርጥ፣ የቤት እንስሳ እንዲጎዳ፣ ሌላ ልጅ እንዲያጠምድ ያስገድዳሉ። ኤፍ ቢ አይ በ2023 ለወላጆች በይፋ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ዒላማ የሚሆኑት ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው ብሏል።

ስለዚህ የሚታየውን ይመልከቱ። በሙቀት ረዥም እጅጌ ትለብሳለች? መልእክት ሲገባ ፊቷ ይለዋወጣል? ክንዷ ወይም እግሯ ላይ ቁስል፣ የተቀረጸ ፊደል ወይም ስም አለ? ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ እንስሳው ተጎድቶ ያውቃል? የማያውቁት ስጦታ ወይም ገንዘብ መጥቷል? ከነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ስልኩን መቀማቱ እርስዎን ከልጅዎ ከማቃቃር ሌላ የሚያመጣው የለም። አብረዋት ዶክመንተሪ አይተዋል አይደል? ከዚያ የተሻለ መግቢያ አያገኙም። "ዳያንን አንቺ ብትሆኚ ምን ያቆይሽ ነበር?" ብለው ይጠይቋት፤ ከዚያ ዝም ብለው ይስሙ። ምክር አይጨምሩ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኛ አበሻ እናቶችና አባቶች ሳንመክር አምስት ደቂቃ መቀመጥ አልለመድንም።

ምልክት ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ማስረጃ ስለሆነ ምንም አያጥፉ፣ አታጥፋ ይበሏት። የሚያስፈራራትን ሰው ራስዎ ጽፈው አይሳደቡ። የጠፉና የሚበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል በ1-800-843-5678 ይደውሉ፤ ለኤፍ ቢ አይም ያመልክቱ። ራሷን የመጉዳት ነገር ካለ እንዲህ ላለ ጭንቀት የተዘጋጀው የ988 የስልክ መስመር ሌሊትም ይሠራል። አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። ለንስሐ አባትዎ ወይም ለፓስተርዎ መንገር ከፈለጉም ይንገሩ፤ ፖሊስን ግን አይተካም፤ ሰፈሩ ሁሉ ከሰማ ደግሞ ልጅቷ ሁለተኛ አትነግርዎትም።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ዛሬ ማታ ይንገሯት፤ ምንም ፎቶ ልካ ቢሆን፣ ምንም ብታደርግ፣ ብትነግርዎት እንደማይመቷት፣ እንደማያባርሯት። አስፈራሪው "ለእናትሽ እነግርብሻለሁ" ሲላት የሚተማመነው በእርስዎ ቁጣ ነው። የኛ ልጆች ደግሞ "ምን ይሉኛል" በሚለው ላይ ስላደጉ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይያዛሉ ብዬ እፈራለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ዓምድ። የሕግ ተማሪ ነኝ። ማንሰን ሲዬሎ ድራይቭ በሚባለው ቤት አልነበረም፣ በሁለተኛውም ሌሊት ከመገደላቸው በፊት ወጥቷል ይባላል። ታዲያ በምን ሕግ ሞት ተፈረደበት? ደግሞስ ልጆቹ በሱ ቁጥጥር ሥር ከነበሩ እንዴት እኩል ተፈረደባቸው? አይጋጭም?

የሕግ ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣ ይጋጫል። ጥሩ ጠበቃ ይወጣሃል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ በግድያ ሴራ የተባበረ ሰው ቢላዋ ባይነካም እንደ ገዳይ ይጠየቃል። ዐቃቤ ሕጉ ቪንሰንት ቡሊዮሲ ማሳየት የነበረበት ማንሰን ማዘዙንና የሚያዝበት ምክንያት እንዳለው ነው። ለዚህ ነው ያንን የዘር ጦርነት ትንቢት በዝርዝር ለዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ፊት ያቀረበው። ሁለተኛው ላይ ግን አንተ ያልከው ችግር አለ። ዐቃቤ ሕጉ "ፍጹም ይገዛቸው ነበር" ባለ ቁጥር የልጆቹን ጥፋት እያቀለለ ነው። ቡሊዮሲ ያመለጠው "መታዘዝን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፣ ሲገድሉም እያወቁ ነው" በማለት ነው። ልጆቹም ረድተውታል፤ እየዘፈኑ ፍርድ ቤት ገቡ፣ እሱ ግንባሩን ሲቀርጽ እነሱም ቀረጹ፣ እሱ ሲላጭ ተላጩ። ያንን ያየ ማን ያዝናል?

ጥር 1971 ጥፋተኛ ተባሉ፣ መጋቢት ላይ የሞት ፍርድ መጣ። በ1972 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን ሲሽር ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው።

ጥያቄህን በእውነት የፈተነው የሌስሊ ጉዳይ ነው። ጠበቃዋ ሮናልድ ሂዩዝ በክርክሩ መሐል ጠፍቶ በኋላ ሞቶ ተገኘ፤ በዚህ ምክንያት ይግባኝ ሰሚው ፍርዷን ሻረው። በ1977 እንደገና ስትከሰስ ጠበቃዋ በዕፅና በማንሰን ተጽዕኖ አእምሮዋ እንደተጎዳ ተከራከረ፤ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች መስማማት አቃታቸው። ለጥቂት ወራት በዋስ ወጥታ ኖረች። በ1978 በሦስተኛው ችሎት ዐቃቤ ሕግ መንገዱን ቀየረና ግድያው በዝርፊያ መሐል የተፈጸመ ነው ብሎ አቀረበ። እንዲህ ሲሆን አእምሮዋ የነበረበት ሁኔታ ብዙም አይመዘንም። ጥፋተኛ ተባለች። እንግዲህ "ልጅቷ ምን ያህል ራሷን ነበረች?" የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ነው ያለፈው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ከፈለግህ ወስደኸዋል።

ጥያቄ

የተከበርክ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ያችን ቫን ሁተን የተባለችውን በ2023 ለቀቋት አሉ። ሰውን በቢላዋ የወጋች ሴት እንዴት ትለቀቃለች? "ልጅ ነበርኩ" የሚባለውስ እስከ ስንት ዓመት ነው? አሁን የት ናት?

አባት፣ ከአትላንታ

መልስ

ጋሼ፣ በቀላሉ አልለቀቋትም። ሐምሌ 11 ቀን 2023 ስትወጣ 73 ዓመቷ ነበር፤ ከ50 ዓመት በላይ ታስራለች። የአመክሮ ቦርዱ ትለቀቅ ብሎ የወሰነው መጀመሪያ በ2016 ነው። ሁለት የካሊፎርኒያ ገዢዎች፣ ብራውንና ኒውሰም፣ እየተቀባበሉ አምስት ጊዜ ሻሩት። በመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የገዢውን ውሳኔ ሻረ፣ ገዢውም ወደ ላይ አልወሰደውም። እስር ቤት ሆና ዲግሪና ማስተርስ ይዛለች፣ ሌሎች እስረኞችን አስተምራለች።

"እስከ ስንት ዓመት" ላሉት፣ በካሊፎርኒያ ወንጀሉን ሲፈጽሙ 25 ዓመትና ከዚያ በታች የነበሩ እስረኞች አመክሮ ሲጠይቁ ቦርዱ ወጣትነታቸውን በክብደት እንዲያይ ሕጉ ያስገድደዋል። ይፈቱ አይልም፤ ይታይላቸው ነው የሚለው። ከገዳዮቹ ሌላዋ ፓትሪሺያ ክሬንዊንክል ወደ ማንሰን ስትገባ 19፣ ስትገድል 21 ነበረች፤ ሌስሊ በተፈታችበት ጊዜ እሷ እስር ቤት ቀርታለች። ሦስተኛዋ ሱዛን አትኪንስ በ2009 እዚያው ሞተች። ማንሰን ራሱ በ2017 በ83 ዓመቱ ሞተ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ፍርድ ቤቱ ልክ ነው እላለሁ። የ73 ዓመቷ ሴት ማንንም አታስፈራም፣ ከ50 ዓመት በላይም ጥቂት አይደለም። የሟቾቹ ዘመዶች ግን እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እቃወም ነበር፤ ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ ይዤ ነው ያለሁት፣ እርስዎም ቢገስጹኝ እቀበላለሁ።

የት ናት ላሉት፣ መጀመሪያ የገባችው ከእስር የወጡ ሰዎች ኑሮ የሚለማመዱበት ቤት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ታስሮ ለወጣ ሰው ገበያ መሄድም፣ በካርድ መክፈልም አዲስ ነገር ነው። ስትወጣ ቢበዛ ለሦስት ዓመት በአመክሮ ኃላፊ ቁጥጥር ሥር እንደምትቆይም ተነግሮ ነበር።